የተንኳኳ የፍሬን እጀታ ሁሉ አይጣልም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጉዳዩ ወደ ኋላ የታጠፈ መሪ ላለው ብስክሌት የፍሬን እጀታ ስለመምረጥና ጫጫታውን ስለማጥፋት ነው። «ይቺ ላንተ ናት» ብሎ ጽፎበታል። እውነቱን ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ እርሳስ ይዤ።

ደስ ያለኝ በዚህ ነገር ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በመገኘቱ ነው። ጸሐፊው ይህን ዓይነት መሪ እንደሚወዱት ያስታውቃል። እኔም እወደዋለሁ። ጫፎቹ ወደ ነጂው ዞረው የሚመጡት፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሰፈርተኛውን ሰላም እያሉ የሚነዱት ብስክሌት ማለቴ ነው። ሁለቱ መዳፎች ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚይዙት የእጅ አንጓ አይጣመምም። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሌላ ዓይነት መሪ መኖሩን ያወቀው ዘግይቶ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እርሳስ ያስያዘኝ ምክሩ ነው። ጸሐፊው ባጭሩ ስድስት ነገር ይላሉ። ማንኛውም እጀታ ለማንኛውም ብስክሌት ይሆናል። ለታጠፈ መሪ ግን ከጫፉ የሚገባው ዓይነት ከሁሉ ይበልጣል። እጀታ ከተንኳኳ ርካሽ ነውና ተጥሎ ውድ ይገዛ። እስከዚያው ዘይት ይረጭበት። የፊት ፍሬን ሰው ስለሚገለብጥ የኋላው ብቻ ይበቃል። በመጨረሻም የድሮው የዘንግ ፍሬን ድምፅ አልባ ነበር፣ ከዛሬው ሁሉ ይሻል ነበር።

እሳቸው በጻፉት ቅደም ተከተል አልሄድም። ሰው ሊጎዳ የሚችለውን አስቀድማለሁ።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል፤ ለከተማ የኋላው ይበቃል።» ይህን ያነበበ ወጣት ነገ ሄዶ የፊት ፍሬኑን እንዳይፈታው እፈራለሁ። ፍሬን ስትይዙ ክብደታችሁ ወደ ፊት ይሄዳል። ታክሲ ድንገት ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት እንደሚንደረደረው ማለት ነው። ያን ጊዜ የኋላው ጎማ ይቀልላል። የቀለለ ጎማ መሬት አይነክስም፤ ይንሸራተታል። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ በኋላ ፍሬን ብቻ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት የፊቱን በደንብ ስትጠቀሙ ከሚፈጀው እጥፍ ገደማ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ «የኋላው ይበቃሃል» ብሎ መምከር እኔ አልደፍርም።

ደግሞ የሚገርመው፣ በዚህ በታጠፈ መሪ ብስክሌት ላይ መገልበጥ ከውድድር ብስክሌት ይልቅ ይከብዳል። ሰውነታችሁ ወደ ኋላ ተቀምጧላ! ሰው የሚገለበጠው የፊቱን በድንጋጤ አንዴ ጭምድድ ሲያደርገው ነው። ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጨመሩ መጭመቅን ባዶ ሜዳ ላይ ሃያ ጊዜ ብትለማመዱ ድንጋጤው ይለቃችኋል። እርጥብ ኮብልስቶን ወይም አሸዋ ላይ እየታጠፋችሁ ከሆነ ግን የፊቱን በስሱ ያዙት። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ጸሐፊው ያልነኩት ሌላ ነገር አለ። የትኛው እጅ የትኛውን ጎማ ይይዛል? አሜሪካ የሚሸጥ ብስክሌት በደንቡ መሠረት ቀኙ የኋላ፣ ግራው የፊት ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀኙ የፊት ነው። አሮጌ ብስክሌት ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? ከመንዳታችሁ በፊት ቆማችሁ አንዱን እጀታ ጨብጡና ወደ ፊት ግፉት። የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሳ ከቃጣው የፊቱን ይዛችኋል። አስር ሰከንድ አይፈጅም።

አሁን ወደ «ማንኛውም እጀታ ይሆናል» ልመለስ። እጀታ የሚመረጠው ከፍሬኑ ጀምሮ ነው። ከመሪው ጀምሮ አይደለም፤ ከመልኩ ጀምሮማ ጭራሽ። እጀታው የፍሬኑ ግማሽ አካል ነው። ስትጨብጡት ካቮውን፣ ማለትም የፍሬኑን የሽቦ ገመድ፣ የሆነ ያህል ርቀት ይስበዋል። ችግሩ ሁሉም እኩል አይስብም።

ቪ ፍሬን የሚባለውን አይታችሁታል። ከቸርኬው፣ ጎማውን ከሚሸከመው ክብ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ቀጥ ብለው ቆመው፣ ካቮው በታጠፈች የብረት ቱቦ አልፎ ከአንዱ ወደ ሌላው በአግድም የሚሻገርበት ነው። ሺማኖ በ1996 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ካወጣው በኋላ ዓለምን ያዳረሰው እሱ ነው። ይህ ፍሬን ብዙ ካቮ ይፈልጋል። የእሱ እጀታ ከቀድሞዎቹ ሁለት እጥፍ ገደማ ይስባል። ከጎማው በላይ በአንድ ብሎን የሚንጠለጠለው፣ እንደ ጉጠት የሚጨብጠው ፍሬን ደግሞ ትንሽ ካቮ ይበቃዋል።

ሲደበላለቁስ? ብዙ የሚስብ እጀታ ለጉጠቱ ፍሬን ከገጠማችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ስትጨብጡት ጥንክር ይላል። «እሰይ፣ ጠንካራ ፍሬን!» ብላችሁ ትገዛላችሁ። መንገድ ላይ ስትወጡ ግን እጃችሁ እስኪዝል ጨምቃችሁ አይቆምም። ጥንካሬው ከጡንቻችሁ የወጣ ነበር። በተቃራኒው ትንሽ የሚስበውን ለቪ ፍሬን ብትገጥሙት ደግሞ የባሰ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለስለስ ብሎ ይይዛል። የፍሬኑ ጎማ፣ ቸርኬውን የሚጫነው ቁራጭ ላስቲክ፣ ትንሽ እንደተበላ እጀታው መሪው ላይ ይጋደማል፣ ብስክሌቱ ግን ገና እየሄደ ነው። አንዳንድ እጀታ ካቮው የሚያዝበትን ቦታ በመቀየር ለሁለቱም ይሆናል። እንደዚያ ዓይነት ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሁለተኛው የመሪው ውፍረት ነው። የከተማ ብስክሌት መሪ እጀታው የሚታሰርበት ቦታ ላይ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ታች የሚታጠፈው የውድድር መሪ ደግሞ 23.8 ነው። ወደ ኋላ ከታጠፉት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ያጋጥማል። «አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። እጀታውን መሪው ላይ የሚያስረውን ማቀፊያ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ያስገባ ሰው አውቃለሁ። ገባለት። ከሳምንት በኋላ ማቀፊያው ተሰነጠቀ። መለኪያ ባይኖራችሁ መሪውን በወረቀት ቁራጭ አንድ ዙር ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩት። 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ነው፣ 7 ተኩል ከሆነ ሁለተኛው።

ጸሐፊው ረጅሙን፣ አራት ጣት የሚይዘውን እጀታ ምረጡ ማለታቸው ግን ትክክል ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው እጁ ሙሉ በሙሉ ነው የሚያርፈው። ጣታችሁ አጭር ከሆነ ግን ርቀቱን እዩ። የአሜሪካው ደንብ ከእጀታው መዞሪያ እስከ መሃሉ ድረስ፣ ከመሪው ውጫዊ ጎን እስከ እጀታው ውጫዊ ጎን ያለው ስፋት ከ89 ሚሊ ሜትር አይብለጥ ይላል፤ እሱ ራሱ ለብዙ እጅ ሰፊ ነው። አብዛኞቹ እጀታዎች ክፍተቱን የምታጠብብ ትንሽ ቪቴ አላቸው። ማንም አይነካትም እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማቀፊያው መሪው ቀጥ ባለበት ቦታ ይታሰር። ኩርባው ላይ ከታሰረ በደንብ አይቀመጥም፣ የእጀታው ጫፍም ከመያዣው ይርቃል ወይም ይጠጋል። ማዕዘኑን ለማግኘት ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። መያዣውን ጨብጡ፣ ጣታችሁን ዘርጉ። ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ላይ እጀታው መኖር አለበት። ስታስሩት ደግሞ ከልክ በላይ አታጥብቁት። ብስክሌቱ ቢወድቅ እጀታው ዞር ማለት ይችል። ካልዞረ ይሰበራል።

ከመሪው ጫፍ ስለሚገባው እጀታ ደግሞ እንነጋገር። ጸሐፊው «ለታጠፈ መሪ የተፈጠረ» ይሉታል። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። የሚዞረው ጫፉ ጋ ስለሆነ ጠንካሮቹ ጣቶች፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት፣ ጉልበት ያለው ቦታ ላይ ያርፋሉ። እኔም አንድ ዓመት ነድቼበታለሁ። ችግሩ እንዲህ ነው። የግቢያችን በር ጠባብ ነው። የታጠፈ መሪ ደግሞ ሰፊ ነው። በየማታው ስገባ መጀመሪያ በሩን የሚነካው የእጀታው ራስ ነበር። በሦስተኛው ወር ቀኙ ተላልቶ መሽከርከር ጀመረ። ካቮውም ከጫፍ ተነስቶ መሪውን ተከትሎ ሲጠማዘዝ ሽፋኑ ውስጥ ይታሻል፣ ስትለቁት እየተለገመ ነው የሚመለሰው። ከዚያ ሌላ አብዛኞቹ ትንሽ የሚስቡ ናቸው። ቪ ፍሬን ያለው ሰው የጸሐፊውን ምክር ሰምቶ ቢገዛ ከላይ ያልኩት ጣጣ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህን አለመጥቀሳቸው ቅር አሰኝቶኛል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መንኳኳቱ። «የሚንኳኳ እጀታ ርካሽ እጀታ ነው፤ ጥላችሁ ውዱን ግዙ።» ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ።

በመጀመሪያ ሁለት ድምፅ እንለይ። ፍሬን ስትይዙ ሲጢጥ ብሎ ጆሮ የሚበሳው ከፍሬኑ ጎማ ነው። እሱን እጀታ መቀየር አያድነውም። የፍሬኑን ጎማ ስታስሩ በኋላ ጫፉ በኩል የታጠፈ ካርቶን ሻጥ አድርጉበት። የፊት ጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን ይንካ። ካሰራችሁ በኋላ ካርቶኑን አውጡት። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ጸሐፊው ግን ይህንንና ፍሬን ሳትይዙ መንገድ ላይ የሚሰማውን ቀጭ ቀጭ አንድ ላይ ጨፍልቀውታል።

ቀጭ ቀጩን በሚገባ አውቀዋለሁ። የሰፈሬ መግቢያ ኮብልስቶን ነው። አምና አዲስ እጀታ ገዛሁ። ርካሽ አልነበረም፤ ዋጋውን ለባለቤቴ እስከዛሬ አልነገርኳትም። በመጀመሪያው ጠዋት ኮብልስቶኑ ላይ ስወጣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ደወሉ ነው ብዬ ፈታሁት። ቀጭ ቀጭ። ቅርጫቱን በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ቀጭ ቀጭ። የፓራፋንጎውን ብሎን አጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን እየነዳሁ ሳለሁ ሳላስበው ሌባ ጣቴን እጀታው ላይ አሳረፍኩ። አልሳብኩትም፤ አሳረፍኩ ብቻ። ድምፁ ጥፍት አለ። አነሳሁ፤ መጣ። አሳረፍኩ፤ ጠፋ።

ቤት ስገባ የፊቱን ጎማ አንድ ስንዝር እያነሳሁ መሬት ላይ መልቀቅ ጀመርኩ። አንዴ ይሄን ይዤ፣ አንዴ ያንን ይዤ። የግቢያችን ጥበቃ «ምን አድርጎህ ነው የምትፈጠፍጠው?» ብለው ሳቁብኝ። ዘዴው ግን ከሁሉ ይሻላል። የያዛችሁት ነገር ድምፁን ካጠፋው፣ ሌባው እሱ ነው።

ውድም ይሁን ርካሽ ረጅም እጀታ ለመንኳኳት የተጋለጠ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። እጀታው ብሎኑ ጋ ወርዱ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ብሎኑ ጋ የጸጉር ያህል፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢላላ፣ ጫፉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወዛወዛል። ኮብልስቶን ላይ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር በሰከንድ ብዙ ጊዜ ትመላለሳለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የእጀታውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተጫወተ የሚዞርበትን ብሎን ፈልጉ። ዳዶ ካለው ሩብ ዙር ያህል አጥብቁና ሞክሩ። እጀታው ተጨብጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ አብዝታችኋል፣ ትንሽ መልሱት። የእኔው ብሎን ጠብቆም ይጫወት ነበር። በእጀታውና በአካሉ መሃል ክፍተት ነበረ። ፈታሁትና ከሃይላንድ ፕላስቲክ በመቀስ ሁለት ትናንሽ ክቦች ቆረጥኩ። መሃላቸውን በጋለ ሚስማር በሳሁ። እንደ ሮንዴላ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ላስገባ ሞከርኩ። ሁለቱ አልገቡም፤ አንዱ ብቻ በቃ። ብሎኑን በሩዝ ፍሬ መጠን ግራሶ ቀባሁና ገጠምኩት። ከገንዘብ አንጻር ወጪው ዜሮ ነው፤ ውሃውን ጠጥቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላም ግማሹ ድምፅ ቀርቶ ነበር። ይሄኛው እጀታው ተመልሶ ሲያርፍ ከአካሉ ጋር የሚነካካበት ቦታ ነው። ሞላው ደከም ካለ ወይም ካቮው ከላላ፣ በየጉድጓዱ እጀታው እየተነሳ እየወደቀ ይመታል። ካቮውን በማስተካከያው ቪቴ ትንሽ ወጠር ማድረግ አንዳንዴ ይበቃል። ካልበቃ ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ለምኑ። የጥፍር ያህል ቆርጣችሁ በማጣበቂያ እጀታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ለጥፉ። ካቮው ወይም ሞላው የሚያልፍበት ቦታ ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ቁራጩ እጀታውን ትንሽ ስለሚገፋው ፍሬኑን መልሳችሁ አስተካክሉ፤ ቸርኬው የፍሬኑን ጎማ እየታከከ እንዳይዞር።

ሌላ ሁለት ቦታ አለ። ማስተካከያው ቪቴ ላይ ያለችው ቀለበት ከላላች እንደ ንብ ትዘምራለች፤ በእጅ ማጥበቅ ይበቃታል። የካቮው ሽፋን ደግሞ በታጠፈ መሪ ላይ ወደ ፊት ወጥቶ ትልቅ ቀለበት ሠርቶ ነው ወደ ፍሬኑ የሚመለሰው። መብራቱን ወይም ቅርጫቱን ይመታል። በሽቦ አታስሩት። በጨርቅ ወይም በላስቲክ እሰሩት፣ ግን መሪው ግራ ቀኝ ሲዞር እንዳይወጠር።

የሚረጨው ዘይትስ? ቀጭን ዘይት ለሁለት ቀን ዝም ያሰኘዋል፤ ይፈስሳል፤ አቧራ ይሰበስባል። አንዳንዴም መያዣው ላይና ቸርኬው ላይ ይደርሳል። ቸርኬ ላይ የደረሰ ዘይት ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። ግራሶ፣ በትንሹ፣ ብሎኑ ላይ ብቻ።

የዘንግ ፍሬኑ ቀረ። ጸሐፊው «የድሮው ፎኒክስ ፍሬን ድምፅ አልነበረውም» ሲሉ ሳቄ መጣ። አባቴ ፎኒክስ የሚባለው ብስክሌት ነበረው። ለማያውቁት፣ ካቮ የለውም። ከመሪው ስር የሚሄዱ የብረት ዘንጎች በየመገጣጠሚያው እየተቀባበሉ ፍሬኑን ወደ ላይ ይስቡታል። የፍሬኑ ጎማም ቸርኬውን ከጎን ሳይሆን ከውስጥ በኩል ነው የሚጫነው። በየመገጣጠሚያው ላላ ያለ ነገር አለ። የአባቴ ብስክሌት ከመታየቷ በፊት ትሰማ ነበር።

ጥንካሬዋን አልክድም። የሚበጠስ ካቮ የላትም፣ በየትኛውም መንደር በመዶሻና በፒንሳ ትጠገናለች። ጸሐፊው ግን አያይዘው «ድምፁ ካስቸገራችሁ ዘንጉን አውጥታችሁ የካቮ እጀታ ግጠሙ» ይላሉ። እዚህ ላይ ራሳቸውን አፈረሱ፤ ድምፅ አልነበረውም አላሉም እንዴ? ደግሞስ በምን ይገጠማል? የዚያ ብስክሌት ቸርኬ ጎኑ ክብ ነው። ጉጠቱ ፍሬን የሚጨብጠው ጠፍጣፋ ጎን የለውም። እጀታውን ብቻ መቀየር ብሎ ነገር የለም፤ ቸርኬውም ፍሬኑም አብሮ ይቀየራል። የአያታችሁ ፎኒክስ ጓዳ ውስጥ ካለች ዘንጎቿን ተዉላት። መገጣጠሚያዎቹን አጥብቁ፣ በየጎማው ሁለት ሁለት የሆኑትን የፍሬን ጎማዎች ቀይሩ፣ ግራሶ ቀቡ።

በዝናብ ጊዜ ግን አትመኗት። ቸርኬዋ የተለበጠ ብረት ነው። ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ ላዩ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ባሕር ዳር በሐምሌ ከትምህርት ቤት ስመለስ እጀታውን መሪው እስኪነካ እጨምቀዋለሁ፤ ብስክሌቷ ግን ሐሳቧን አትቀይርም። ያን ጊዜ እግሬን አውርጄ መሬቱን እጎትተዋለሁ። ሁልጊዜ የግራ እግሬን። እናቴ የሸራ ጫማዬ ለምን በግራው ብቻ እንደሚያልቅ ዓመቱን ሙሉ ስትመረምር ከረመች።